ኤልውድ ሽሬፍለር ትልቁን ሽጉጥ እንደ መረጠ

በርች ራን መንደር የደረሰ እንግዳ የኤልውድ ሽሬፍለርን ቤት ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ከመንደሩ ሁሉ ትልቁ የፖስታ ሣጥን የተተከለበት ደጅ የእርሱ ነው። ሣጥኑ አንድ ጠቦት ያስተኛል፤ የሚገባበት ግን በሳምንት አንዲት ጋዜጣ፣ አልፎ አልፎም ከእኅቱ የሚመጣ ፖስትካርድ ብቻ ነው። በጓሮው የሚያበቅለው ዱባም እንደዚሁ ነበር። በየዓመቱ በአውራጃው ትርኢት ላይ በትልቅነቱ ይሸለማል፤ ሚስቱ ቬርና ቆርጣ ስትቀቅለው ግን እንኳን ሰው አሳማም አይበላውም። «እኔንም ያገባኝ ቁመቴን አይቶ ነው» ትል ነበር ቬርና። እውነትም በትምህርት ቤት ሳሉ ከሴቶቹ ሁሉ ረጅሟ እርሷ ነበረች።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገር። በበረዶው ወራት የመንደሩን ቢጫ መኪና እየነዳ መንገድ የሚጠርገው እርሱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣና አቅም የሌላቸውን የአሮጊቶቹን ደጅ ሳይጠየቅ ጠርጎ ያልፋል። ደግነቱን ማንም አይክደውም። ታዲያ ጠርጎ ሲያበቃ ሥራው እንዲታወቅለት ጡሩምባውን ይነፋል፤ አሮጊቶቹም መንገዳቸው ጠርቶ እንቅልፋቸው ጠፍቶ ይውላሉ።

በዚያን ጊዜ በሰሜን ፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ እያንዳንዱ መንደር የራሱ የአደን ጎጆ ነበረው። የበርች ራን ጎጆ የዘጠኝ ሰዎች ነበር። የአጋዘን አደን የሚከፈትበት፣ ከምስጋና በዓል በኋላ ያለው ሰኞ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ የእንጨት መሰንጠቂያው ይዘጋል፤ ሰባኪው እንኳ እሑድ ስብከቱን ያሳጥራል። ዘጠኙ ሰዎች ባቄላቸውን፣ ቤከን የሚባለውን የአሳማ ሥጋቸውንና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ እንቁላላቸውን ጭነው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ሴትና የጢም ምላጭ ወደ ጎጆው አይገቡም ነበር።

ጎጆው አንድ ሕግ ነበረው። አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው በራት ገበታ ላይ ይቆማል፤ የሸሚዙ ጭራ ከኋላ በመቀስ ይቆረጣል፤ ስሙና ዓመቱ ይጻፍበትና ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። ይግባኝ የለም። በዚያ ግድግዳ ላይ የኤልውድ ስም ያለባቸው አምስት የሸሚዝ ጭራዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር፤ ከሩቅ ላያቸው የታጠበ ልብስ የተሰጣ ይመስላሉ።

ይሁን እንጂ ኤልውድ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር ነበረው። ይህም ጠፍጣፋው ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ አዳኝ አድፍጦ የሚጠብቅበት የራሱ ቦታ አለው፤ ቦታውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ሌላ ሰው አይረግጠውም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ወንዙ ከሚጠብበት መሻገሪያ በላይ ነው፤ ከተራራው የሚወርድ አጋዘን ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። የኤልውድ አባት ሬይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጦበታል፤ ድንጋዩ ከመሐል ጎድጎድ ማለቱ በሬይ መቀመጫ ነው ይባል ነበር። በዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አምስት ጊዜ መሳት ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል።

ሌስተር ኦክስ የሚባለው ጎረቤቱ ደግሞ የወረሰው ረግረግ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሌስተር በዚያ ረግረግ ያየው ፍጥረት አንድ ጃርት ሁለት ጊዜ፣ መንገድ የጠፋበት ሰባኪ አንድ ጊዜ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ሲመኝ ኖሯል። ይህን ጎጆው ያውቃል፤ መንደሩ ያውቃል። የማያውቅ ኤልውድ ብቻ ነው። እርሱ የሚያውቀው ሌስተር እንደሚወደው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ወር፣ በመንገድ ዳሩ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ኤልውድ አንድ የአደን መጽሔት አንብቦ መጥቶ ነበር።

«ጠመንጃ የሰነፍ ነው» አለ፣ ሹካውን እያወዛወዘ። «መነጽርህን ደቅነህ ከሦስት መቶ እርምጃ ላይ ቧ! ይኼ አደን ነው? ይኼ ደብዳቤ መላክ ነው እንጂ! ዘንድሮ እኔ የማድነው በሽጉጥ ነው። በስድስት ጎራሽ።»

ኦቲስ፣ የጎጆው አለቃ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉም «ፓፕ»፣ አባባ እንደ ማለት፣ ይሏቸዋል። ቡናቸውን ፉት አሉና፣

«በጠመንጃ አምስት ጊዜ ስተሃል» አሉ። «በሽጉጥ ስንት ልትስት አስበሃል?»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የኤልውድ ጆሮ ቀላ።

«ተዉት እንጂ ጎበዝ!» አለ ሌስተር። «ኤል ካለ አለ ነው! እንዲህ ያለ ወንድ ነው እኮ የጠፋው በዚህ አገር።» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብትስትስ ግን፣ ኤል? እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው።»

«እኔ? ብስት…» ኤልውድ ዙሪያውን አየ፤ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል። እርሱ ደግሞ ሰው እየጠበቀው ትንሽ ነገር ተናግሮ አያውቅም። «ብስት ጠፍጣፋውን ድንጋይ እለቃለሁ!»

ሳቁ ቆመ። አስተናጋጇ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆመች።

«ሰማችሁ?» አሉ ፓፕ።

«ሰማን» አሉ ሰዎቹ።

ሌስተር ስኳር የሌለበትን ቡናውን በማንኪያ ያማስል ነበር።

ጠመንጃ ሻጩ ኢራ ሞየር ቀጭን፣ አጭር፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነች። ኤልውድና ሌስተር ቅዳሜ ጧት ሲገቡ የምን ሽጉጥ እንደሚፈልጉ አልጠየቀም።

«እጅህን አሳየኝ» አለው ኤልውድን።

«ጫማ ልትለካኝ ነው?»

«እጅህን።»

ኢራ የኤልውድን መዳፍ ገለበጠ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋ፤ ከዚያም ሦስት ስድስት ጎራሾች አውጥቶ በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሦስት መቶ ኀምሳ ሰባት የሚባለው መካከለኛ ነው። ሁለተኛው አርባ አራት ነው፤ ከበድ ይላል፤ ለስለስ ያለ ጥይትም ይቀበላል። ሦስተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። አፈሙዙ እስከ ክርን ይደርሳል፤ ጥይቱ አውራ ጣት ያህላል።

«ሰው ሁሉ ሽጉጥ ሲመርጥ የሚያየው አፈሙዙን ነው» አለ ኢራ። «ሽጉጥ የሚመረጠው በእጀታው በኩል ነው። ጣትህ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ይደርሳል ወይ? ክንድህን ዘርግተህ እስከ ሃያ ስትቆጥር ይዞ ይቆያል ወይ? ዋናው ግን ይኼ ነው፦ ኀምሳ ጥይት ተኩሰህ ኀምሳ አንደኛውን ትመኘዋለህ ወይስ ትፈራዋለህ? ከፈራኸው ሽጉጡ ያንተ አይደለም። አጋዘን ደግሞ በጥይት ትልቅነት አይሞትም፤ ጥይቱ በገባበት ቦታ ነው የሚሞተው። አርባ እርምጃ ድረስ ከመጣልህ ተኩስ። ከዚያ ከራቀ ቆብህን አንሣለትና ይሂድ።»

ምናልባት ኢራ ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ኤልውድ ግን አልሰማም። ዓይኑ ሦስተኛው ላይ ነው።

«ያ… ያኛውስ?»

«ያንን ያወጣሁት እንድታየው ነው እንጂ እንድትገዛው አይደለም። ሦስት ጊዜ ሸጬው ሦስት ጊዜ ተመልሷል። የመጨረሻው ሰውዬ ሲመልሰው በግራ እጁ ነበር የያዘው።»

ሌስተር በረጅሙ አፏጨ። «ይኼ ሽጉጥ ነው? ይኼ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው እንጂ! በል አንሣው እስቲ፣ ኤል። አየህ? አየህ እንዴት እንደ ሆነብህ? ኢራ፣ አንተ እኮ የለመድከው ቀጫጭኑን ሰው ነው። የዚህን ሰውዬ ክንድ ተመልከት!»

ኤልውድ በመስተዋቱ በር ላይ ራሱን አየ። ሽጉጡ በእጁ፣ ደረቱ ተነፍቶ፣ ሆዱ ገባ ብሎ። የሰው ልጅ ራሱን እንዲህ አድርጎ ካየ በኋላ መካከለኛ ነገር አይገዛም።

«ይኼን ጠቅልልልኝ» አለ።

ኢራ ግን የራሱ የአሠራር ደንብ ነበረው፤ ከእርሱ ሱቅ የወጣ ሽጉጥ በእርሱ ፊት ሳይተኮስ ወደ ጫካ አይሄድም። ስለዚህ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ከመንደሩ በስተኋላ ባለው የጠጠር ጉድጓድ ተገናኙ። ቬርናም ሳንድዊች ይዛ መጣች። ኢራ መካከለኛዋንም ሽጉጥ በኪሱ ይዟት ነበር፤ ለምን እንደ ያዛት አልተናገረም። አንድ የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ሰቀለና ሠላሳ እርምጃ ቆጠረ።

ኤልውድ እግሩን ከፍቶ ቆመ፤ ምላጩን ሳበ። ድምፁ ጉድጓዱን ሞላው። ቁራዎች ከሦስት እርሻ ማዶ ተነሥተው በረሩ፤ የኤልውድ ቆብ ወደ ኋላው ወደቀ። ቆርቆሮው እንደ ነበረ ተሰቅሏል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«ሽጉጡ ገና አልተላመደህም» አለ ሌስተር።

ኢራ ሽጉጡን ተቀበለ፤ ጀርባውን አዙሮ እንደገና አጎረሰና መለሰለት። ኤልውድ አነጣጠረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሳበ። ቃ! የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ተኩስ የለም። አፈሙዙ ግን እህል እንዳየች ዶሮ ወደ መሬት ተደፋ።

«ከሸፈ!» አለ ኤልውድ።

«አልከሸፈም» አለ ኢራ። «ያጎረስኩህ ባዶ ቀለህ ነው። እጅህን አየኸው? ሽጉጡ ሳይረግጥህ ፈርተህ አንተ ረገጥከው። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታደርገው፤ ተኩሱ ስለሚሸፍንልህ አይታይህም።»

ሌስተር ዘወር ብሎ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤልውድ ሲተርክ ሁልጊዜ ይዘልለው ነበር። ቬርና ሳንድዊቿን አስቀመጠችና መካከለኛዋን ሽጉጥ ከኢራ ተቀበለች። ቬርና የገበሬ ልጅ ነች፤ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለሦስት መቶ ልጆች ምሳ ታበስላለች። ስድስት ጊዜ ተኮሰች፤ ቆርቆሮው አምስት ቦታ ተበሳ።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» አለ ኢራ እየሣቀ። ኢራ ሲሥቅ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

«የሾርባ ጭልፋ እንደ መያዝ ነው» አለች። «እጅህን ካንቀጠቀጥክ ይፈስሳል።»

«ይህችን ውሰድ፣ ኤልውድ» አለ ኢራ። «ሁለት ወር አለህ። በየቀኑ ሃያ ጥይት ተኩስ። ያኛውን መልሰው፤ እኔም ሳልናገር እቀበልሃለሁ።»

ኤልውድ ቆቡን ከመሬት አንሥቶ አራገፈ። «ይህቺ ለሴት እጅ ነው የምትሆነው» አለ። «ለቬርና ጠቅልልላት።» እንዲህ ብሎ ሁለቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሁለቱ ወራት ውስጥ ትልቁን ሽጉጥ ብዙ ሰው አየው። በመንገድ ሥራው ጋራዥ ታየ፤ በፀጉር አስተካካዩ ቤት ታየ፤ በእኅቱ ልጅ ሠርግ ላይም ከሙሽሪት ቀጥሎ የታየ እርሱ ነው። ደረቱ ላይ በቆዳ ማንገቻ እንደ ሕፃን ታቅፎት ይዞራል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ተኩሶበት አያውቅም፤ ኢራ በየሳምንቱ ጥይት ገዝቶ እንደ ሆነ ቬርናን ይጠይቃታል፤ ቬርናም ራሷን ትነቀንቃለች።

ወደ ጎጆው በሚወጡበት እሑድ ቬርና ዕቃውን ስታሰናዳለት፣

«ኤል፣ አባትህ በዚያ ድንጋይ ላይ ስንት ዓመት ተቀመጠ?» አለችው።

«ሠላሳ ሁለት።»

«አንተስ ከእርሱ በኋላ?»

«አሥራ ዘጠኝ። ምነው?»

«ምንም። እየቆጠርኩ ነው። ትንሿን ይዘህ ሂድ። ኮትህ ሥር ማን ያያታል? አጋዘኑ እንደ ሆነ አይናገርም።»

ኤልውድ ለጥቂት ጊዜ በኩሽናው መካከል ቆሞ ሁለቱን ሽጉጦች ተራ በተራ አያቸው። ከዚያም፣ ይህ እውነት ነው፣ ትንሿን አንሥቶ በካልሲዎቹ መካከል ከቦርሳው ውስጥ ከተታት። የሬይ ድንጋይ በዚያች ደቂቃ በደኅና እጅ ላይ ነበረ።

ወዲያው የሌስተር መኪና ከደጅ ጡሩምባ ነፋ። ሌስተር በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ኤል! ትልቁስ የት አለ? ሰዎቹ ካሜራ ይዘው እኮ እየጠበቁህ ነው! ፓፕ ሳይቀሩ አብረውህ ፎቶ ሊነሡ ነው!»

ትንሿ ሽጉጥ ከካልሲው ውስጥ ወጥታ ወደ መሳቢያው ተመለሰች። ኤልውድ ትልቁን ሊወለውል ወደ ጓዳ ሲገባ ቬርና ወደ ደጅ ወጣች።

«እንዴት ነው ረግረግህ ዘንድሮ፣ ሌስተር?»

«እርጥብ ነው።»

«ብዙም የምትቀመጥበት አልመሰለኝም።»

ሌስተር መሪውን በጓንቱ መጥረግ ጀመረ። መሪው ግን ንጹሕ ነበር።

ሰኞ ጧት ተራራው ላይ አራት ጣት የሚሆን በረዶ ወድቆ ነበር። ኤልውድ ብርቱካናማ ቆቡን አድርጎ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሽጉጡ ጉልበቱ ላይ ነው። በሸለቆው ውስጥ የሌሎቹ ጠመንጃዎች አልፎ አልፎ እንደ ጅራፍ ይጮኻሉ። የእርሱ መሣሪያ ድምፅ ከእነርሱ ጋር እንደማይመሳሰል ያውቃል፤ ተኩሶ ቢስት ደብቆ መቅረት አይቻልም። ይህን ያሰበው ግን ገና አሁን ነው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አጋዘኑ መጣ። ስምንት ጫፍ ያለው ቀንድ ተሸክሞ፣ በዝግታ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ወንዙን ተሻገረና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሃያ አምስት እርምጃ ነው። ትንፋሹ ይታያል። ሬይ በሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ አላየም።

ኤልውድ በሁለት እጁ አነሣ። የኢራ ቃል ትዝ አለው፤ እንዳይረግጥ፣ እንዳይደፋ፣ እንዳይጨፍን። ሁሉንም አንድ ላይ አስታወሰና ሁሉንም አንድ ላይ አደረገው።

የመጀመሪያው ጥይት ከአጋዘኑ ፊት ሦስት እርምጃ ላይ በረዶ አስነሣ። አጋዘኑ ቀና አለ፤ ማሚቶው ከየተራራው ስለሚመለስ ድምፁ ከየት እንደ መጣ አልገባውም። ሁለተኛው የጥድ ቅርንጫፍ ጣለ። ሦስተኛው የት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። አራተኛውና አምስተኛው ተከታትለው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ስድስተኛውን ሲተኩስ የኤልውድ ሁለቱም ዓይኖች ተጨፍነው ነበር።

ዓይኑን ሲገልጥ አጋዘኑ አሁንም አለ። በርግጎ ሮጠ ቢባል ለኤልውድ ክብር በሆነለት። አልሮጠም። አየሩን አሸተተ፤ የባሩዱ ሽታ ያልተስማማው ይመስላል፤ ከዚያ በእርምጃ ሄደ።

ከሸለቆው ማዶ ፓፕ ኦቲስ ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አንዱ እጃቸው አልበቃቸውም።

ለራት ሁሉም በጎጆው ሲሰበሰቡ ማንም ኤልውድን «ምን አገኘህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ፓፕ በሰንሰለት የታሰረውን መቀስ ከምስማሩ ላይ አወረዱ። ያኔ የሕግ ጥያቄ ተነሣ።

«አንድ አጋዘን ነው የሳተው፤ አንድ ጭራ ይበቃል» አለ አንዱ።

«ስድስት ጊዜ ነው የሳተው!» አለ ሌላው።

«ሸሚዝ ስድስት ጭራ አለው እንዴ?»

ሁሉም ወደ ፓፕ ዞሩ። ፓፕ መቀሱን ከፈት አድርገው፣ «ጎጆው ሲሠራ የተባለው ‹የሳተ ጥይት› ነው» አሉ። «‹የሳተ ሰው› አልተባለም። ያኔ እኔ እዚያው ነበርኩ።»

ሸሚዙ ቬርና ለልደቱ የገዛችለት ቀይና ጥቁር ዳማ የሱፍ ሸሚዝ ነበር። በመጀመሪያ ጭራው ሄደ። ቀጥሎ ሁለቱ እጅጌዎች ሄዱ። ከዚያ ኮሌታው፣ ከዚያ የደረት ኪሱ፣ በመጨረሻም ጀርባው ራሱ። ኤልውድ የቀረው ሁለት የፊት ጨርቅና አምስት ቁልፍ ነው።

«ቀስ በሉ እንጂ» አለ አንድ ጊዜ ብቻ። «የበግ ጠጉር ነው እንዴ የምትሸልቱት?»

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አቀርቅረው ባቄላቸውን በሉ። በመስከረም የተባለውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሊያነሣው የደፈረ ግን የለም። ነገሩን የከፈተው ሰው ራሱ ይዝጋው ብለው ነው። ኤልውድ በሁለት ቁራጭ ጨርቅ መካከል ሆዱ እየታየ ተነሣ።

«ቃል ተናግሬያለሁ» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ነበር። «ጠፍጣፋውን ድንጋይ ለቅቄያለሁ።»

«ማን ይፈልገዋል?» አሉ ፓፕ።

ስድስት ሰዎች ሌስተርን አዩት። ሌስተር ጣሪያውን አየ።

«እንግዲህ» አለ ሌስተር፣ «ሌላ ሰው ካልፈለገው…»

«ወደ ረግረጉ ኤልውድ ይሄዳላ» አሉ ፓፕ። ለሌስተር እንኳን ደስ ያለህ ያለው ሰው የለም። ባቄላው ግን ተጨመረለት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሌስተር ጠመንጃውን አንግቶ ሲወጣ ኤልውድ በደጅ ቆሞ ጠበቀው። የሰው ሹራብ ተውሶ ለብሷል።

«ላሳይህ» አለው።

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ኤል።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ። ድንጋዩን አታውቀውም።»

አብረው ወጡ። በሬይ መቀመጫ ጎድጎድ ባለው ቦታ ላይ አስቀመጠው። «እግርህን እዚህ ስንጥቅ ውስጥ አድርግ፤ አለዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደነዝዝሃል። ነፋሱ አሁን ከወንዙ ነው፤ ፀሐይ ያንን ጫፍ ስትነካ ይዞራል። ያን ጊዜ እንዳትነቃነቅ። መንገዱን አትይ፤ ሁሉም መንገዱን ነው የሚያየው። ከዚያ ከተሰበረው ጥድ በስተጀርባ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የምታየው ጆሮውን ነው።»

ሌስተር ቀና ብሎ አየው። «ይኼን ሁሉ ለምን ትነግረኛለህ?»

«አባቴ ነው የነገረኝ። ድንጋዩን ያለ ምስጢሩ ብሰጥህ ምን ይረባሃል?»

ሌስተር አፈረ። እፍረቱ ጠመንጃውን አጉርሶ እስኪጨርስ ድረስ ቆየበት።

ኤልውድ በረግረጉ ውስጥ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ውኃው በቦት ጫማው ስፌት ሲገባ እየሰማ ሳለ ከላይ አንድ ተኩስ ጮኸ። ሁለተኛ አልተከተለም። ተነሥቶ ሄደ። ሌስተር ከአጋዘኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ያው ስምንት ጫፍ ነው። ቀንድ ቀንዱን ይዘው ሁለት ሰዓት ሙሉ በበረዶው ላይ እየጎተቱ ወደ ጎጆው አወረዱት።

ፓፕ ከደጅ ላይ ተነሡ። «ማን ነው የገደለው?»

ሌስተር አፉን ከፈተ። ኤልውድ ቀደመው።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለ። «‹መንገዱን አትይ› አልኩት። ‹ከተሰበረው ጥድ ጀርባ ነው› አልኩት። ‹ጆሮውን ነው የምታየው› አልኩት። ምን ሆነ? ጆሮውን አየ!»

እስከ ገና ድረስ ታሪኩ በምግብ ቤቱ ተሠርቶ አለቀ። በመጀመሪያው ሳምንት ኤልውድ ያስቀመጠው ሌስተርን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ነፋሱንም ያዘዘው እርሱ ሆነ። ገና ሲደርስ ያ አጋዘን ሰኞ ዕለት ስድስት ጥይት ተተኩሶበት ወደ ተሰበረው ጥድ እንዲመለስ ሆን ተብሎ የተነዳ አጋዘን ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥራም በትንሽ ሽጉጥ አይሠራም። ሌስተር በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀመጠበት፤ ሰባት አጋዘን ጣለበት፤ ሰባቱንም ጊዜ ኤልውድ አጠገቡ ተቀምጦ እንዴት እንደ ገደለው ለሰዎቹ አስረዳለት።

አንድ ጧት ሌስተር ታክቶት ኩባያውን በጠረጴዛው ላይ አጮኸ።

«ምላጩን የሳብኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ኤልውድ በአዘኔታ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው።

«ምላጭ መሳብማ፣ ሌስ» አለው፣ «ማንም ይስባል።»